ቆስጣው በጨለማ ውስጥ

የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼን «የባሕር ዛፍ ግንድ ያን ሁሉ ክብደት ከየት አመጣው?» ብዬ ስጠይቃቸው መልሳቸው በየዓመቱ አንድ ነው፦ «ከአፈር»። ተክል በብርሃን ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውሃ ምግቡን እንደሚሠራ የሚያሳየውን የብርሃን አስተፃምሮን ቀመር ግን ሰሌዳ ላይ ሳይሳሳቱ ይጽፉታል። አልፈርድባቸውም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይታይ፣ አይሸት፣ አይጨበጥ።

ስለዚህ ቁጥሩን ላሳያቸው ወሰንኩ። አርዱዊኖ የሚባል በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ኤምኤች-ዜድ19 የሚባል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰር፣ የብርሃን መለኪያና ትንሽ ስክሪን ከአዲስ አበባ ገዝቼ ደብረ ብርሃን ይዤ መጣሁ። ትልቅ የመስታወት ማሰሮ ክዳን በስቼ ሽቦውን አሳለፍኩና ቀዳዳውን በሲሊኮን ደፈንኩት።

መጀመሪያ የለካነው ተክል ሳይሆን ራሳችንን ነው። መስኮቱ ተከፍቶ ስክሪኑ 430 ፒፒኤም ያህል ያሳይ ነበር፤ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 430ው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ማለት ነው። እንደ ልማዳችን ለብርዱ መስኮትና በር ዘግተን፣ 54 ሆነን ስንማር ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ቁጥሩ ከ2000 አለፈ። «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ የእኛ ትንፋሽ ነው?» አለኝ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ። ጋዙ ከፈተና ወረቀት ወጥቶ ክፍላችን የገባው ያኔ ይመስለኛል።

በማግስቱ ትኩስ የቆስጣ ቅጠሎችን ግንዳቸውን ውሃ ውስጥ ነክረን ማሰሮው ውስጥ ከተትን። ከማየታቸው በፊት ሁሉም ግምቱን ደብተሩ ላይ እንዲጽፍ አደረግሁ፦ ይጨምራል፣ ይቀንሳል ወይስ አይለወጥም? ይህን እርምጃ በሌላ ክፍል ዘልዬው ነበርና ልጆቹ ቁጥሩን አይተው ዝም አሉ። የጻፈ ልጅ ግን ይሟገታል።

ፀሐይ ላይ ስናስቀምጠው ቁጥሩ በ20 ደቂቃ ከ800 ወደ 300 ገደማ ወረደ። ከዚያ በጥቁር ፌስታል ጠቅልለን በላዩ ጋቢ ደረብንበት። አብዛኞቹ «አይለወጥም፣ ተክል በጨለማ ያርፋል» ብለው ጽፈው ነበር። ቁጥሩ ግን ቀስ እያለ ወደ ላይ ሄደ። አንዲት ተማሪ ተነስታ «ታዲያ ቆስጣውም እንደኛ ይተነፍሳል?» አለች። ለዓመታት «ተክል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳል፣ ኦክሲጅን ይሰጣል» እያልኩ ሌላውን ግማሽ የሸፈንኩባቸው እኔ ነበርኩ። ሆላንዳዊው ሐኪም ያን ኢንገንሁስ ተክል አየሩን የሚያድሰው በብርሃን ብቻ መሆኑን፣ በጨለማ ግን እንደሚያበላሸው በ1779 በመጽሐፍ አሳትሟል። ይህን የነገርኳቸው እነሱ ራሳቸው ከደረሱበት በኋላ ነው፤ ያኔ ስሙን ለማወቅ ጓጉ።

የከበደኝ ስህተት ሌላ ነው። ሴንሰሩን ማሰሮው ውስጥ ለሁለት ቀን ተውኩት። በሦስተኛው ቀን አውጥቼ ስለካ የደጁ አየር 600 ሆነ! ለካስ ሴንሰሩ በየ24 ሰዓቱ ያገኘውን ዝቅተኛ ንባብ 400 እንደሆነ ቆጥሮ ራሱን ያስተካክላል። ደጅ ላይ ጥሩ ነው፤ ቆስጣ አየሩን ከ400 በታች ባወረደበት ማሰሮ ውስጥ ግን ያሳስታል። የዚያን ሳምንት ንባቦች ጥዬ፣ ምክንያቱን ለልጆቹ አስረድቼ፣ ማስተካከያውን በፕሮግራሙ አጠፋሁት። ቅጠሉ ያላበው እርጥበትም መስታወቱ ላይ ስለሚያዝ ሴንሰሩን አሁን ከላይ አንጠለጥለዋለሁ።

ባዶ ማሰሮ ለብቻው እንድንለካ ያሳሰበን አንድ ተማሪ ነው፦ «ማሰሮው ራሱ እያፈሰሰ ቢሆንስ?» ለካነው፤ የቁጥሩ ለውጥ ከቆስጣው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሳልነግራቸው ይህን ጥያቄ ማምጣቱ ከሁሉም በላይ አስደስቶኛል።

በመጨረሻ ጥያቄውን በገብስ ቀይሬ ደገምኩት። ብዙዎቹ «ከአየርና ከውሃ» ብለው ጻፉ፤ 11 ልጆች ግን አሁንም «ከአፈር» አሉ። መልሱ ባይሆንም መጠራጠራቸው ልክ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሴንሰሩ ጋዙ መቀነሱን እንጂ የት እንደገባ አላሳያቸውም። ስለዚህ የደረቀ አፈር መዝነን በሁለት ጣሳ ባቄላ ዘርተናል፤ ሲያድግ አፈሩን እንደገና አድርቀን የሚመዝኑት እነዚያው 11 ልጆች ናቸው።