ከዋሻው ጀርባ

ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ሆዴ ባር ባር ሲለኝ ዋለ። ጎረቤት የጥድ ፍልጥ ሲያነዱ ጭሱ በመስኮት ገባና ጥቅምት ላይ ላስታ ያለውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን የተሳለምኩበት ቀን ትዝ አለኝ። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጥድም እንዲሁ ነው የሚሸተው።

ላሊበላ ከተማ ቤተ ጊዮርጊስን ቁልቁል ነው የሚያዩት፤ ከአለቱ ወደ ታች ተፈልፍሏል። እዚህ ግን በጥዶቹ መሀል ዳገቱን ወጥታችሁ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ትልቅ ዋሻ ታገኛላችሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ እሱ ውስጥ ተቀምጧል። አልተፈለፈለም፣ ተገንብቷል። አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ ልስን፣ እንደገና እንጨት፤ የአክሱሞች አሠራር ነው። ያሠራው ከላሊበላ ቀድሞ የነገሠው የዛጔ ንጉሥ ነው። እንጨት 900 ዓመት ገደማ ሲቆም አስቡት! ዋሻው ዝናብ አላስነካውም።

ከጀርባ፣ ጨለማው ውስጥ፣ አጽም አለ። ብዙ ነው። አንዳንዱ ላይ ቆዳው እንደ ደረቀ ቀርቷል። ከሩቅ አገር ለመሳለም መጥተው እዚሁ ያረፉ ናቸው ይባላል። ሌላው ሰው የራስ ቅሉን ሲያይ እኔ ዓይኔ እግር ላይ ቀረ። ያ እግር ስንት ወር ተጉዞ ይሆን? ወጥቶ ሲሄድ እናቱ ምን ብላ መረቀችው?

እማዬ ከልጅነቴ ጀምሮ «ላስታን ሳልሳለም አይግደለኝ» እንዳለች ነው። አሁን ጉልበቷ የቤታችንን ደረጃ እንኳ እምቢ ብሏታል። ስመለስ ፎቶውን በስልክ አሳየኋት፤ ስልኩን ግንባሯ ላይ አድርጋ ሳመችው። ቆይታ «ከጀርባውስ ምን አለ?» አለችኝ።

«ጨለማ ነው እማዬ፣ አይታይም» አልኳት።

እናቴን ዋሸኋት። አጽሙ ያስፈራታል ብዬ አይደለም። «ታድለው!» እንደምትል ስለማውቅ ነው፤ ያንን ቃል ከእሷ አፍ መስማት አልቻልኩም። እነሱን እያየሁ እንኳ እኔ ያሰብኩት ቤታቸው ስለጠበቃቸው ሰዎች ነበር። እሷ የምታስበው ስለ ደረሱት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። ዛሬም ጠዋት ስደውልላት፣ ስለ ሌላ ነገር እያወራን፣ «ያ ጨለማው ግን...» ብላ ተወችው።

ዳገቱን በቅሎ ይወጣዋል። ቀስ እያልን ብንሄድ ትችላለች። ግን ከወሰድኳት፣ አብራኝ ትመለሳለች?