«ዝም ስትል ሌባ ያልከኝ ይመስለኛል»

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ ሲገባ ከግምጃ ቤትና ከግዥ ሰዎች ጋር አንድ ቡድን ሆነን ንብረት እንቆጥራለን። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ቀኑ ደግሞ ሁልጊዜ ይቀድመናል። አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ የዕቃው ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት ቢን ካርድ ጋር ያመሳክራል። አንድ ሰው ካኮረፈ ሥራው ቆመ ማለት ነው።

አብሮ መሥራት የሚከብደኝ ለምን እንደሆነ ማጣራት የጀመርኩት ስለ ጆሃሪ መስኮት ካነበብኩ በኋላ ነው። ጆሴፍ ሉፍትና ሃሪንግተን ኢንግሃም የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጡት ራስን የማወቂያ ዘዴ ነው፤ ስሙም ከሁለቱ ስም ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። መስኮቱ አራት ክፍል አለው፦ እኔም ሰውም የምናውቀው፣ እኔ ብቻ የማውቀው፣ ማናችንም የማናውቀው፣ እና ሰው እያየው እኔ የማላየው። የእኔ ጣጣ ያለው መጨረሻው ላይ ነው።

መልመጃው ባልደረቦችህ አንተን የሚገልጹ ቃላት ከዝርዝር እንዲመርጡ ይጠይቃል። ቢሮ ሞከርኩት። ታታሪ፣ ቅን፣ ሰው አክባሪ! ይሉኝታ ባለበት ሌላ ምን ይመረጣል? የግምገማ ስብሰባም አያዋጣም። ሂስና ግለ ሂስ ሲባል ሰው ወይ ቂሙን ይወጣል፣ ወይ አንገቱን ይደፋል።

ስለዚህ ጥያቄውን አጠበብኩት። ሥራው ገና ትኩስ እያለ፣ ለብቻቸው፣ የግምጃ ቤት ኃላፊዋን «ቅድም ስንቆጥር እኔ ያደረግኩት፣ ሥራ ያከበደብዎት ነገር ምንድን ነው?» አልኳቸው። ትንሽ አመነቱ።

«ልጄ፣ ቁጥር ሲጎድል ዝም ትላለህ። ዝም ስትል ሌባ ያልከኝ ይመስለኛል።»

እኔ እኮ ዝም የምለው እያሰላሁ ነው! ግን ንብረቱ በስማቸው ነው የተመዘገበው፤ ቢጎድል የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ፊት የሒሳብ ሰው ዝም ሲል ያስፈራል።

ከዚያ ወዲህ በሆዴ የማሰላውን አፍ አውጥቼ እናገራለሁ። «ቶነር ሦስት ጎድሏል። ምናልባት ሞዴል 22ው እኛ ጋ አልደረሰም፤ ወይ እኔ ስደምር ዘልዬው ይሆናል።» ሞዴል 22 ዕቃ ከግምጃ ቤት ሲወጣ የሚሞላ ቅጽ ነው። እንዲህ ስል ኃላፊዋ ወዲያው መሳቢያቸውን ከፈቱ። አንድ የክፍል ኃላፊ «ሞዴሉን ነገ እሞላለሁ» ብሎ ብጣሽ ወረቀት ላይ ፈርሞ ወስዶት ኖሯል። ድሮ ቢሆን ያቺ ብጣሽ የምትወጣው ከተጨቃጨቅን በኋላ ነበር።

ሌላው ከሆድ ጋር የተያያዘ ነው። የሰኔን ጾም እጾማለሁ። ነገር በተካረረ ቁጥር ሰዓቱን ማስታወሻዬ ጥግ ላይ ስጽፍ ከረምኩ፤ አብዛኛው ስምንት ሰዓት አካባቢ ሆኖ ተገኘ። አሁን ልዩነት ያለበትን ዕቃ ጠዋት እንነጋገርበታለን፤ ከሰዓት ወንበርና ጠረጴዛ እንቆጥራለን። ወንበር አያኮርፍም።

የተባልኩትን ሁሉ ግን አልተቀበልኩም። አንድ የግዥ ባልደረባዬ «ደረቅ ነህ፤ ሞዴል 19 ካልተቆረጠ አትፈርምም» አለኝ። ሞዴል 19 ንብረት ገቢ ሲሆን የሚቆረጥ ደረሰኝ ነው፤ እሱን መጠየቅ ጸባይ ሳይሆን ሥራ ነው። ንብረቱ ገቢ ሳይሆን ክፍያው ላይ ብፈርም ኋላ ኦዲተር ፊት የምንቆመው ሁለታችንም ነን። ያስተካከልኩት አመላለሴን ብቻ ነው። «አይሆንም» ብዬ ወረቀቱን ከምገፋ፣ የጎደለውን ሰነድ በእርሳስ ጽፌ እሰጠዋለሁ። አሁንም ደረቅ ይለኛል፤ ወረቀቱ ግን ተሟልቶ ይመጣል።