ለሠርግና ለመልስ፦ ዘውዱ፣ የግንባር ወርቁና ነጠላው ከራስ ላይ እንዳይወርድ

በሠርግ ቀን ራስ ላይ የሚደረግ ነገር ሁሉ የሚጸናው ከሥሩ ባለው ፀጉር ነው። ብዙ ሙሽሮች ግን መጀመሪያ ዘውዱንና ወርቁን ይመርጡና ስለ ሹሩባው የሚያስቡት በመጨረሻ ነው። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ የፀጉሩ አሠራር ይወሰን፣ ጌጡ ከዚያ ይምጣ።

ለመልስ ሹሩባ የምትሠሪ ከሆነ ከሁለት ቀን በፊት ተሠሪ። በዋዜማው የተሠራ ጥብቅ ሹሩባ ቆዳውን ወጥሮ እንደያዘ ዘውድ ሲጫንበት ብዙም ሳይቆይ ራስ ምታት ያመጣል። ከሳምንት በፊት ከተሠራ ደግሞ የግንባሩ ፀጉር ይነሣና ፎቶ ላይ ያስታውቃል። በዕለቱ ጠዋት ቅቤም ሆነ ቅባት አትቀቢ፤ የተቀባ ፀጉር ምንም ነገር አይዝም።

የግንባር ወርቁ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በፀጉሩ መሃል የሚወርድ አንድ ሰንሰለትና ወደ ሁለቱ ጆሮዎች የሚሄዱ ሌሎች አሉት። በፀጉር ሽቦ ብቻ ከተያዘ እስክስታው ሲሞቅ መንሸራተት ይጀምራል፤ ትከሻና አንገት ሲናወጥ ሽቦው ቀስ በቀስ እየወጣ ይመጣል። አስተማማኙ ዘዴ መስፋት ነው። በቀጭን መርፌና በጥቁር ክር፣ የጌጡን ቀለበት አንድ በአንድ ከሥሩ ካለው ጉንጉን ጋር ሦስት አራት ጊዜ እየዞርሽ እሰሪው። ሰንሰለቱ ግን አይወጠር፤ አንድ ጣት የሚያስገባ ልል ይኑረው። አለበለዚያ ስትጎነበሺ ፀጉርሽን ይነጫል። ማታ ሲፈታ ክሩ በትንሽ መቀስ ይቆረጥ፣ ጌጡ አይሳብ።

ወርቅ ቅብ ከሆነ ከሳምንት በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል አድርገሽ ሞክሪው። ከሥሩ ነሐስ ያለበት ቅብ ላብ ሲነካው ግንባር ላይ አረንጓዴ ምልክት ይተዋል፣ ኒኬል ካለበት ደግሞ አንዳንድ ቆዳ ያሳክካል። በጀርባው በኩል ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀብቶ ሌሊቱን ማድረቅ ለአንድ ቀን ይበቃል።

ከካባ ጋር የሚደረገው ዘውድ ብዙ ጊዜ የኪራይ ነው፤ ችግሩ የሚመጣውም ከልኩ ነው። ሜትሩን ከቅንድብ አንድ ጣት ከፍ አድርገሽ፣ ከጆሮ በላይ፣ ከኋላ በሰፊው የራስ ክፍል አዙረሽ ለኪ። ሹሩባ ከመሠራቱ በፊት የምትለኪ ከሆነ እንደ ጉንጉኑ ውፍረት ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጨምሪ። ለሙሽራውም ይለካለት እንጂ በግምት አይወሰድ። ትንሽ ሰፊ ዘውድ ከጠባብ ይሻላል፤ ሰፊው በውስጥ በኩል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ተለጥፎበት ይስተካከላል። ስፖንጁ ዙሪያውን ሳይሆን ከግንባር በላይና ከኋላ ብቻ ይሁን፤ ጆሮ ግንድ ላይ ከተጫነ ያማል።

ዘውድ የሚወድቅበት ሰዓት ደግሞ የታወቀ ነው፦ የወላጆችና የሽማግሌዎች ጉልበት ሲሳም። ጎንበስ ሲባል የዘውዱ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ካባው ከባድ ስለሆነ በእጅ ለመያዝም አይመችም። ስለዚህ አንድ ሚዜ ከጎን ቆማ ዘውዱን ተቀብላ፣ ሙሽሮቹ ቀና ሲሉ መልሳ እንድታደርግላቸው አስቀድሞ ይነገራት። ይህ ለታላላቆቹም ክብር ነው፤ ዘውድ በአንድ እጅ ደግፎ ጉልበት መሳም አያምርም።

ተክሊል የሚፈጸም ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። አክሊሉን የሚያደርጉት ካህናቱ ናቸው፤ ስለዚህ አናት ላይ የተከመረ ፀጉር መቀመጫ ያሳጣዋል። ግንባርም በቅብዐ ቅዱስ ስለሚቀባ የግንባር ወርቁ ለመልሱ ይቆይ።

ቬሎ የምትለብስ ሙሽሪት ዓይነ ርግቡን የሚይዘው ማበጠሪያ ጥርሱ ወደ ግንባር ዞሮ ትንሽ ከተሰካ በኋላ ወደ ኋላ ተገልብጦ ወደ ውስጥ ይገፋ፤ እንዲህ ከተደረገ ሲጎተት ይበልጥ ይነክሳል። ረጅም ከሆነ ከመኪና ስትወርጂ የሚረግጠው ሰው አይጠፋምና አንድ ሰው ይያዝልሽ።

ለእንግዶች ነጠላ ከበቂ በላይ ጌጥ ነው። አዲስ ነጠላ ከሽመናው ድርቀት ስለሚኖረው ከራስ ላይ ይንሸራተታል፤ አንድ ጊዜ ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ ጥላ ላይ ይድረቅ። ከዚያ በፊት ግን የጥለቱን ጫፍ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርገሽ ፈትኚ፤ ቀለም ከለቀቀ አይታጠብ። ያልታጠበውን ወይም የሽፎን ነጠላን ከሥሩ ቀጭን የጥጥ ሻሽ ይይዘዋል። መርፌ ቁልፍ የሚወጋው ጥለቱ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ሻሹን ይዞ ነው፤ ሳሳ ያለው መሃሉ ላይ ከተወጋ ክሩ ይመዘዝና ቀዳዳ ይተዋል። በተለይ ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ይህን አይርሱ፦ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቆ መልበስ የኀዘን ነው። ለሠርግ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል።

ከአገር ቤት ዘውድ የሚወስድ ሰው በሻንጣ አይጫነው። ውስጡን በፎጣ ሞልቶ በእጁ ይያዘው፤ የተጣመመ ጫፍ ሲቃና ይሰበራል። ኪራይም ቢሆን የራስ፣ ከድግሱ በኋላ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይጠረግ። ውኃና ሳሙና በማጣበቂያ የተያዙትን ፈርጦች ያራግፋቸዋል፣ የውስጡ ከፈይም እርጥበቱን ይዞ ይሸታል።