በ38 ዓመቷ

ከሰዓት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ብሎታል። ልደቴ ስለደረሰ ይሆናል። እነ እንትና ደግሞ ምሳ ላይ "መጽሐፍሽን ዘንድሮስ እናየዋለን?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ ሥራዬን ሁሉ ትቼ የሚላ ሃውጎቫን ግጥሞች ማንበብ ያዝኩ።

ሚላ የስሎቫኪያ ገጣሚ ናት። እ.ኤ.አ. በ1942 ቡዳፔስት ተወለደች፤ ኒትራ ከተማ ግብርና ተማረች፤ በግብርና ባለሙያነትም በመምህርነትም ሠራች። የመጀመሪያ መጽሐፏ የወጣው በ1980 ነው። 38 ዓመቷ ነበር! ያወጣችውም ሚላ ስርንኮቫ በሚል የብዕር ስም ነው። ርዕሱ "የዛገ አፈር" ይባላል። አፈር ስታጠና የኖረች ሴት የበኩር መጽሐፏን በአፈር መሰየሟ ልቤን ይነካኛል። ግጥም በአፍላነት ካልመጣ ቀረ የሚሉ ሰዎችን ድሮም አላምናቸውም።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት። መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ አወጣች። ከ1986 እስከ 1996 "ሮምቦይድ" የተባለው የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አዘጋጅ ነበረች። ገጣሚዎቹን ሲልቪያ ፕላትንና ፓውል ሴላንን ወደ ስሎቫክኛ መልሳለች። የራሷ ግጥሞች ቁርጥርጥ ያሉ ናቸው። ፍቅር አለ፣ የሴት ገላ አለ፣ እናትና ልጅ፣ የአትክልት ስፍራ። አንዱን ሐሳብ ጀምራ ሳትቋጨው ወደ ሌላው ትሻገራለች። እኔ ግን እዚያው የተወችው ቦታ ላይ ቆሜ እቀራለሁ።

ዛሬ ከሁሉም በላይ የያዘኝ የካናዳው ነገር ነው። በ1968 የሶቪየትና የአጋሮቿ ታንኮች ያኔ ስሎቫኪያን ወደምታካትተው ቼኮዝሎቫኪያ ገቡ። ሚላም ተሰደደች፣ ካናዳ ገባች። ግን ብዙ ሳትቆይ ተመለሰች። ያኔ በስሟ የታተመ አንድ መጽሐፍ እንኳ የላትም። የሚጠብቃት ዝና የለም። የተመለሰችውም ሳንሱሩ እየጠበቀ፣ ድንበሩ እየተዘጋ ወደ ነበረ አገር ነው።

ምን ጠራት? ታላቄ ከሄደ ወዲህ ስለ መሄድ ብዙ አስባለሁ፤ ስለ መመለስ ግን እንዲህ አስቤ አላውቅም። ሰው ገና ያልጻፈው ግጥም ይጠራዋል? እዚያው ካናዳ ብትቀር ኖሮ፣ እንግሊዝኛውን ተላምዳ፣ ሥራ ይዛ፣ ልጅ አሳድጋ ቢሆን፣ ያ "የዛገ አፈር" የሚባለው መጽሐፍ ይጻፍ ነበር? ወይስ በሌላ ቋንቋ፣ ስለ ሌላ አፈር ሌላ መጽሐፍ ትጽፍ ነበር?