አንዴ በኦፕራሲዮን ወልዶ ቀጣዩን ልጅ ቤት ለመውለድ ማሰብ፦ እንግሊዝ ላላችሁ እህቶች

እንግሊዝ አገር ቤት መውለድ የሀብታም ቅንጦት አይደለም። ኤንኤችኤስ (የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት) ሚድዋይፎቹን፣ ማለትም የሠለጠኑ አዋላጆቹን፣ ቤትሽ ድረስ ይልካል። የቀድሞው ልጅ በኦፕራሲዮን ከተወለደ ግን የሚድዋይፏም የሐኪሙም ፊት ይለወጣል፤ ምክንያትም አላቸው። የአገሩ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በ2015 ያወጣው መመሪያ እንዲህ ያለች እናት ኦፕራሲዮን ክፍል ባለበት ሆስፒታል፣ የልጇ የልብ ምት ሳይቋረጥ በማሽን እየታየ እንድታምጥ ይመክራል። ምክር ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ቤቴ እወልዳለሁ ብትዪ አስገድዶ የሚወስድሽ የለም። የአሜሪካው የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር በበኩሉ ይህንን ጭራሽ አይሆንም ከሚላቸው ነገሮች ተርታ አስቀምጦታል፤ ስለዚህ ዋሽንግተን ያለችው እህትሽ በስልክ የምትነግርሽ እዚህ ከምትሰሚው ጋር ባይገጥም አይግረምሽ።

የሚፈራው የቆየው የማህፀን ስፌት በምጥ ጊዜ መተርተሩ ነው። በአማካይ ከ200 እናቶች አንዷን ያጋጥማታል። ምጥ ለማምጣት ወይም ለማፋጠን መድኃኒት ከተሰጠ አደጋው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይጨምራል። በሌላ በኩል በምጥ ለመውለድ ከሚሞክሩት 100 እናቶች ከ72 እስከ 75ቱ ይሳካላቸዋል። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ወይም በኋላ አንድ ልጅ እንኳ በምጥ የወለደች ከሆነች ቁጥሩ ከ85 እስከ 90 ይደርሳል።

ለቤት እቅድ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ሌላ ቁጥር አለ። እንግሊዝ ውስጥ ከኦፕራሲዮን በኋላ ቤት ለመውለድ ያቀዱ እናቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ 37 በመቶዎቹ በምጥ ላይ ሳሉ ወይም ገና እንደወለዱ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። ያ በኦፕራሲዮን የተወለደው ልጅ ብቸኛው ከሆነ 57 በመቶ፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ልጆች ለወለዱት ግን 25 በመቶ ገደማ። እንግዲህ አንድ ልጅ ብቻ ያለሽና እሱም በኦፕራሲዮን የመጣ ከሆነ፣ ከግማሽ በላይ በሆነ ዕድል አምቡላንስ ውስጥ ትገቢያለሽ። ስለ መውለጃ ገንዳውና ስለ ሻማው ከማሰብሽ በፊት ስለ መውጫው አስቢ። ሁለት ልጅ በምጥ ወልዳ ሦስተኛው ተጣሞ ስለመጣ ብቻ የተቀደደች እናት ግን ጉዳይዋ ሌላ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚመዝን ሰው ካጋጠመሽ ሌላ ሰው ጠይቂ።

የመጀመሪያው ሥራ ወረቀት ነው። አዲስ አበባ፣ ቤሩት ወይም ጂዳ የወለድሽ ከሆነ እዚህ ያለው ሐኪም ማህፀንሽ እንዴት እንደተቀደደ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሆድሽ ላይ ያለው ጠባሳ አግድም መሆኑ ምንም አያረጋግጥም፤ ቆዳው አግድም ተቀድዶ ማህፀኑ ወደ ላይ የተቀደደ ሊሆን ይችላል። ማህፀኑ በላይኛው ክፍሉ ቁልቁል ከተቀደደ ምጥ ራሱ አይመከርም፣ ሆስፒታልም ቢሆን። ስለዚህ እርግዝናሽን እንዳወቅሽ አገር ቤት ላለ ዘመድ ፈርመሽ የውክልና ደብዳቤ ላኪ። ሙሉ ስምሽን እስከ አያት፣ የወለድሽበትን ቀን፣ ካለሽ የካርድ ቁጥሩን ጽፈሽ ወደ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ይሂድ። የሚጠይቀው የመውጫ ወረቀቱን ብቻ መሆን የለበትም፤ ኦፕራሲዮኑን ያደረገው ሐኪም የጻፈውን ማስታወሻም ጭምር ይጠይቅ። እዚያ ላይ ሦስት ነገር ይፈለጋል፦ ማህፀኑ የትኛው ክፍል ላይ በየት አቅጣጫ እንደተቀደደ፣ ልጁ ሲወጣ ቀዳዳው ከታሰበው በላይ ተቀድዶ እንደነበረ፣ ለምን ኦፕራሲዮን እንደተደረገ። ልጁ በመቀመጫው ስለመጣ ከሆነ ያ ምክንያት ላይደገም ይችላል። ምጡ አልገፋ ብሎ ከሆነ ደግሞ የመሳካት ዕድሉ ይቀንሳል። ፎቶው ደብዝዞ ከተላከ እንደገና ይነሳ፤ የሐኪም እጅ ጽሕፈት በዋትስአፕ ፎቶ ላይ ሲደበዝዝ ማንም አያነበውም።

በ20ኛው ሳምንት ስካን እንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠ ጠይቂ። ከፊት ለፊት ዝቅ ብሎ የድሮው ስፌት ላይ ካረፈ ከስፌቱ ጋር ሊጣበቅ ስለሚችል በ32ኛው ሳምንት አካባቢ ደግሞ ይታያል፤ እዚያው ካለ የቤት ነገር አከተመ። ሄሞግሎቢንሽ (በደም ምርመራ የሚታየው የደም መጠን) በሊትር ከ105 ግራም በታች ከሆነ የብረት እንክብሉን ከቡናና ከሻይ አርቀሽ ውሰጂ። ቡና ከጠጣሽ በኋላ የተዋጠ ብረት አብዛኛው ይባክናል፤ ቀኑን ሙሉ ጀበና ለሚጣድበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚያ ኮንሰልታንት ሚድዋይፏን፣ ማለትም ከፍተኛ ሚድዋይፏን፣ እንዲያገናኙሽ ጠይቂ። ከመመሪያ ውጪ የሆነ እቅድ ተነጋግራ በጽሑፍ የምታሰፍርልሽ እሷ ናት። ቀጠሮው ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ በነፃ ማቅረብ አለባቸው። ባልሽ አያስተርጉም። የማህፀን መተርተርን የሚያክል ነገር በፍርሃት ያለሰልሰዋል ወይም ያጋንነዋል። እቅዱ ከ36ኛው ሳምንት በፊት ይለቅ።

ሰዓቱን ቁጭ ብለሽ ደምሪ። ሆስፒታል ውስጥ አጣዳፊ ኦፕራሲዮን ከተወሰነ በ30 ደቂቃ ውስጥ ልጁ እንዲወጣ ይጠበቃል። ቤት ላይ ግን ከዚያ በፊት ሌሎች ደቂቃዎች አሉ፦ 999 መደወል፣ አምቡላንሱ መድረስ፣ ከፎቅ መውረድ፣ መንገዱ፣ ከበሩ እስከ ኦፕራሲዮን ክፍሉ። የካውንስል ፎቅ ላይ የምትኖሪ ከሆነ ሊፍቱን በሜትር ለኪው፤ ቃሬዛ የማይገባባቸው አሉ፣ ያኔ በወንበር ነው የሚያወርዱሽ። የታችኛው በር ኮድ፣ የፎቁ ቁጥርና ፖስትኮዱ በትልቅ ጽሕፈት ፍሪጅ ላይ ይለጠፍ። መንገዱን ጠዋት ትምህርት ቤት መግቢያ ሰዓት ላይ ሂዱበት፤ የእሁዱ ደቂቃ አያታልልሽ።

ምጥ ሲጀምር ሚድዋይፏ የልጁን ልብ በእጅ መሣሪያ በየ15 ደቂቃው፣ ከቁርጠቱ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ታዳምጣለች፤ ልጁን ለማውጣት ስትገፊ ደግሞ በየ5 ደቂቃው። ለመውለጃው ሁለተኛዋ ሚድዋይፍ ትመጣለች። ስፌት ሲተረተር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው የልጁ የልብ ምት ስለሆነ፣ በማዳመጫዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው ሐኪሞቹን የሚያስፈራቸው። አንቺም ልታውቂያቸው የሚገቡ አሉ፦ በቁርጠትና በቁርጠት መካከል የማይለቅ ሕመም፣ ስፌቱ ላይ ስለት የመሰለ ውጋት፣ ትከሻ ጫፍ ላይ የሚሰማ ሕመም፣ ደም፣ ድንገት የቆመ ምጥ፣ የትንፋሽ ማጠር። በአማርኛም ቢሆን ጮኸሽ ተናገሪ፤ «ቻይው» የሚል ሰው አጠገብሽ አይቀመጥ። የማህፀኑ አፍ በ4 ሰዓት ውስጥ 2 ሳንቲሜትር እንኳ ካልከፈተ፣ ስፌት ላላት እናት ይህ ብቻውን ወደ ሆስፒታል ለመውጣት በቂ ምክንያት ነው።

ከአገር ይዘን የመጣናቸው ነገሮችም አሉ። ሆድ ማሸትና ከላይ ወደ ታች መግፋት ስፌት ባለበት ማህፀን ላይ ፈጽሞ አይደረግም። የጉሎ ዘይትም ቢሆን ቁርጠቱን ከልክ በላይ ሊያባብስ ስለሚችል ይቅር። አጥሚቱና ገንፎው ይምጣ፣ እሱ ለአራሷ ነው። ልምድ ያላት እናት ከጎንሽ ሆና «ማርያም ማርያም» ብትል ማንም አይከለክላትም፤ እንደ አዋላጅ ሆና ማዋለድ ግን፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር፣ እዚህ አገር ለሚድዋይፍና ለሐኪም ብቻ የተፈቀደ ነው። ኮሪደሩም ለአምቡላንስ ሰዎች ባዶ ይሁን።

ገንዳ ከፈለግሽ፣ ተለቅ ያለው ከ500 ሊትር በላይ ውሃ ይይዛል፤ ከግማሽ ቶን በላይ መሆኑ ነው። የተከራየሽው ቤት ወለል ይችለው እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ውሃው ከ37.5 ዲግሪ አይብለጥ። ቦይለሩ በመሃል ሙቅ ውሃ እንዳይጨርስ አንዴ ሞልታችሁ ሞክሩት።

የመጨረሻው፣ ብዙዎች የሚረሱት፦ የቤት ሚድዋይፎቹ በዚያ ሌሊት የሰው እጥረት ገጥሟቸው አንመጣም ሊሉ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለተኛው እቅድሽ ከመጀመሪያው እኩል ተጽፎ ይቀመጥ። ሆስፒታሉ ገመድ የሌለው የልብ ምት መከታተያ አለው? ውሃ ውስጥ ይሠራል? ተነስቼ መሄድ እችላለሁ? አስተርጓሚ ሌሊት በስልክ ይገኛል? ብዙ እናቶች ቤትን የሚመርጡት አልጋ ላይ ታስሮ መዋልን ፈርተው ነው። ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች አዎ የሚል ሆስፒታል ካገኘሽ፣ ብቸኛ ልጅሽ በኦፕራሲዮን ከሆነ እኛ እሱን እንመርጥልሻለን።