ጠዋቱ ለመርፌ፣ ማታው ለደንበኛ

ላፕቶፕ ማታም ይሠራል፤ ጥልፍ ግን በአምፖል አይሆንም። ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር ክር አንድ ይመስላሉ፣ ስሕተቱ የሚታየው ሲነጋ ነው። ባሕር ዳር ላይ በፍሪላንስ እየኖረ የጎንደር ዘመን ልብስ የሚያጠናና የሚሰፋ ሰው ቀኑን በብርሃን ይክፈለው፦ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት መርፌ፣ ከዚያ ደንበኛ። ጠዋት ስልክ ከተከፈተ «ትንሽ ማስተካከያ» የሚል መልእክት ብርሃኑን ይበላዋል። ስለዚህ ከመነሻው ግማሽ ቅድሚያ ክፍያና ሁለት እርማት ብቻ ብሎ መዋዋል ነው፤ ሦስተኛው እርማት ይከፈልበታል። የክርና የሸማኔ ገንዘብ ቅድሚያው በገባ ዕለት ይነሣ።

ነሐሴና ታኅሣሥ ላይ ሸማኔ ጋ መሄድ ከንቱ ነው፤ እጁ በበዓል ልብስ ተይዟል። የካቲት ይሻላል። ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል ይሁን ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ ዝም ከተባለ ድሩ የፋብሪካ ክር ይሆናል። የእጅ ፈትል ድር ቶሎ ይበጠሳልና ሸማኔው ዋጋ ቢጨምር እውነቱን ነው።

ከማዘዝ በፊት የዚያው ፈትል ቁራጭ ተለክቶ ይታጠብ። 20 ሴንቲሜትሩ 19 ከሆነ፣ ታጥቦ 120 እንዲሆን የሚፈለገው ቁመት 126 ተኩል ያህል መታዘዝ አለበት። ሙሉው ጨርቅም ሳይታጠብ መቀስ አይንካው። ቀይ ክር በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለግማሽ ሰዓት ለብ ባለ ውኃ ይዘፍዘፍ፤ ከለቀቀ ነጩን ሸማ ያበላሻል። ስስ ሸማ ላይ ሲጠለፍ ከሥሩ የታጠበ አቡጀዲ ካልተደረገ ጨርቁ ይሸበሸባል። ጨርቁን የሚወጥረው ክብ መወጠሪያም ሳይፈታ ካደረ ጨርቁ ላይ ክቡ ይታተማል።

ለጥናቱ ልብስ የሚታይባቸው የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ይረዳሉ፤ የዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቅርብ ናት። ከሰዓት ሐይቁን ነፋስ ያናውጠዋልና ጀልባው በጠዋት ይያዝ፤ ለሥዕሎቹ ሲባል ፍላሽ አይነሣ። ጣና ላይ ደቅ ደሴት ያለችው ናርጋ ሥላሴ ግን ሙሉ ቀን ትፈልጋለች፤ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉት እዚያ ነው። ደብተር ላይ መስፈር ያለበት የእጅጌው ስፋት፣ የአንገቱ ቅርጽና ጥለቱ የሚያቆምበት ቦታ ነው። በልብሱ ላይ የተሣለው አበባ ከእጥፋቱ ጋር አብሮ ካልታጠፈ፣ ሠዓሊው ቦታ የሞላበት ሊሆን ይችላልና እንደ ሽመና ማስረጃ አይቆጠርም።

እዚህ ላይ የእውነተኛ ልብስ ፎቶ ያግዛል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደው፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ የሚባለው በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ አለ። ከምንትዋብ መቶ ዓመት ይዘገያል፤ ስለዚህ የመርፌውን አያያዝ ያስተምራል እንጂ ቅርጹን ወደ ጎንደር ዘመን መውሰድ አይገባም።