ጋሞሌን በሜትር ለመለካት ስሞክር

ኮንሶ የሄድኩት ቤት ልለካ ነበር። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነኝ፤ ለመመረቂያ ሥራዬ ጋሞሌ ከምትባለው መንደር ቤቶችን አንድ በአንድ ለክቼ ፕላን ላወጣ ነው ሐሳቤ። ሜትር፣ ደብተርና ከልክ ያለፈ በራስ መተማመን ይዤ ከአርባ ምንጭ ተነስቼ የኮንሶ ከተማ ካራት ገባሁ።

የመጀመሪያው ግቢ ላይ ግንባሬ ከእንጨት ጋር ተላተመ። መግቢያው ዝቅ ያለ ነው፤ ካላጎነበሱ አያሳልፍም። አስጎብኚው ስቆ ሲያበቃ ምክንያቱን ነገረኝ። ጠላት ቢመጣ አስቀድሞ የሚያስገባው ጭንቅላቱን ነው! እኔ የበሩን ቁመት ጽፌ ጨርሻለሁ። ለምን ዝቅ እንዳለ መጠየቅ ትዝም አላለኝ።

ሁለት ቀን እንዲሁ ስለካ ዋልኩ። የሣር ክዳኑ ጫፍ ላይ የተደፋውን ሸክላ ጌጥ ነው ብዬ አለፍኩት። ለካ ሥራ አለው፤ ሣሩ በሚገናኝበት ጫፍ በኩል ዝናብ እንዳይገባ ይከድናል።

በሦስተኛው ቀን መንደሩን ከላይ ፎቶ ላነሳ ብዬ ዙሪያውን የሚያቅፈው የድንጋይ ካብ ላይ ወጣሁ። አንድ ድንጋይ ከእግሬ ሥር አመለጠ፤ ሌሎች ሁለት አስከትሎ ወረደ። ደንግጬ ቶሎ ቶሎ መልሼ ሰካኋቸው። አንድ አዛውንት ያዩኝ ነበር። መጡ። ቁጣ ጠበቅኩ፤ ምንም አላሉም። የሰካሁትን በሙሉ አወጡት። ከዚያ እያንዳንዱን ድንጋይ እያገላበጡ የሚቀመጥበትን ፊት ፈለጉለት፤ ክፍተቱን በትንንሽ ድንጋይ ወተፉ። ጭቃ የለ፣ ሲሚንቶ የለ። የኮንሶ ካብ የሚቆመው ድንጋዩ እርስ በርሱ ተያይዞ ነው፤ እስከ 4 ሜትር የሚደርስ አለ። ሲጨርሱ አንድ ነገር ብለውኝ ሄዱ። አስጎብኚው ተረጎመልኝ፦ «ቤቱን ተወውና ካቡን እይ ነው የሚሉህ።»

የሁለት ቀን ሥራዬን ወደ ጎን አድርጌ ከመሐል ጀመርኩ። የመጀመሪያው ካብ ሲሞላ ሰው ከውጭ ይሠራል፤ ቀጥሎ እሱንም የሚያቅፍ ሌላ ካብ ይካባል። እስከ ስድስት ዙር ያላቸው የኮንሶ መንደሮች አሉ። ስለዚህ ከመሐል ወደ ውጭ መሄድ መንደሩ ያደገበትን ቅደም ተከተል መከተል ነው። ሞራ የሚሉት የጋራ ቤትና አደባባዩም በዚህ ውስጥ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ወጣቶቹ እዚያ የሚያድሩት እሳት ቢነሳ ወይም ጠላት ቢመጣ ፈጥነው እንዲደርሱ ነው። አደባባዩ ላይ የቆመው የትውልድ ግንድም አለ፦ ሥልጣን ለአዲስ ትውልድ ሲተላለፍ አንድ ይጨመራል፤ የቀድሞው አይነሳም። የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ የ21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ ታሪክ ያለው ተብሎ ነው። ያንን ግንድ ሳላይ ቁጥሩ ብዙም አይገባኝም ነበር።

ዛሬ ብመለስ የመጀመሪያውን ቀን ሜትር አላወጣም። ሞራው ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ሰው ከየት ወጥቶ የት እንደሚገባ አያለሁ። ለጠማማው መንገድ ሲባጎ እይዛለሁ፤ ሜትሩማ አንዱን መተላለፊያ ሁለት ጊዜ ለክቼው ሁለት የተለያየ ቁጥር ሰጥቶኛል። ካብ ላይ መውጣትማ አይታሰብም።

ፕላኑን ሳስረክብ ካቦቹን በወፍራም መስመር ሥዬ ነበር። አማካሪዬ ወረቀቱን አስጠግቶ አየና «ቤቶቹስ?» አለኝ። ቤቶቹም አሉ፤ በቀጭኑ።